ባለ ካባዋ የወደቀችበት መንገድ

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ወንበርሽ ላይ ሁለት ትራስ ደርበሽ ነው የምትውዪው? ባልሽ ደህና ነው? ልጅሽ የፊት ጥርሷ ወልቆ ለመንገደኛ ሁሉ ድዷን እያሳየች እንደምትዞር እማ ነግራኝ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። በኔ ስም ጉንጯን ሳሚልኝ። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። ከስተሃል ይሉኛል፤ ድሮስ ምን ነበረኝና። እማም ደህና ናት። የዓይኗ ፋሻ ከተነሣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አሁን መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የየትኛው ጎረቤት ልብስ በደንብ እንዳልታጠበ ለይታ ትነግረኛለች። ሐኪሙ ትንሽ ያበዛው ይመስለኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልክ ላይ ካንቺ ጋር ሐሳቤን ጨርሼ አላውቅም። "ገብቶኛል፣ ገብቶኛል" ትይኛለሽ፤ ከዚያ ያንቺን ትቀጥያለሽ፤ ስልኩን ስንዘጋ እኔ "እሺ" ብዬ እገኛለሁ። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

እሑድ ዕለት እማ መልእክትሽን አደረሰችኝ። "እህትህ ተመለስ ብላሃለች። ጌሙን ካንተ በቀር የሚያስተካክለው ጠፍቷል። የሆነው ሆኗል፣ እህትና ወንድም ናችሁ" አለችኝ። "'የሆነው ሆኗል' ያለችው እህቴ ናት ወይስ አንቺ ነሽ?" ብዬ ጠየቅኋት። "እሷ ናት" አለች። እንግዲያው የሆነውን ልንገርሽ። ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ ቆሜ ካየሁበት ቦታ ቆመሽ አይተሽው አታውቂም።

ያቺን ጠዋት ታስታውሻለሽ? ወደ ሥራ ክፍላችን ሁለት መሣሪያ ይዘሽ ገባሽ፤ አንደኛው ቴሌቪዥን ስር የሚቀመጠው ትልቁ የጌም ማሽን፣ ሌላው በሁለት እጅ ተይዞ መንገድ ላይ የሚጫወቱበት ትንሹ። ትልልቅ ጌሞችን እየቀነስን ለትንንሽ መሣሪያዎች የምናስማማበት ሥራ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። እስከዚያ ቀን የሠራናቸው ግን የቼዝ፣ የመኪና ውድድር፣ የአትክልት ጌሞች ናቸው። አንቺ ግን ባለ ካባዋን ይዘሽብን መጣሽ። ከሕንጻ ሕንጻ የምትበር ጀግና፣ ከስሯ አንድ ሙሉ ከተማ፣ እያንዳንዱ መስኮት የፊት ለፊቱን ሕንጻ እንደ መስታወት የሚያሳይ፣ ካባዋ ደግሞ በየእጥፋቱ ለብቻው የሚወዛወዝ። "ይቻላል?" አልሽኝ። "እንጃ" አልኩሽ። "እንጃ ማለት ይቻላል ማለት ነው" ብለሽ ለሁሉም አወጅሽው።

ትንሿ መሣሪያ ሚሞሪዋ የትልቁን ሩብ አይሞላም። ማራገቢያዋ የጥፍር ያህል ናት፤ ግማሽ ሰዓት ከተጫወቱባት መዳፍ ታቃጥላለች። ከተማውን በአንዴ መሸከም ስለማትችል ጀግናዋ የምትሄድበትን ሰፈር ብቻ እየጫንን ከኋላዋ የቀረውን እናራግፋለን። ችግሩ ልጅቷ ፈጣን ናት። ሕንጻው ሳይደርስ እሷ ትደርሳለች፤ አስፋልቱ ሳይነጠፍ ታርፋለች። ከዚያ መንገዱን በስታ ታች ወደሌለው ባዶ ትወርዳለች። ይህ መጀመሪያ የሆነ ጊዜ ሥዕል ሠሪያችን ተነሥቶ "ሄደች፣ ቻው በሏት!" ብሎ እጁን ሲያውለበልብላት ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሃምሳኛው ላይ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ስምንት ወር ሙሉ ቀነስን። ከመስኮቶቹ ላይ መስታወትነታቸውን ወሰድን፤ የሩቆቹን ሕንጻዎች እንደ ካርቶን ጠፍጣፋ አደረግናቸው፤ ደመናውን ዝቅ አድርገን የተራራውን ሰንሰለት ደበቅነው። ካባውን በቀነስኩ ቁጥር ሥዕል ሠሪው የራሱን ኮት የቀደድኩበት ያህል ፊቱ ይጠቁር ነበር። እንከን ለቃሚዋ ደግሞ (ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት፤ ስሟን የረሳነው እስኪመስል) በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ እየተጫወተች ስሕተት ትመዘግብልኝ ነበር። "መቶ ሦስተኛ፦ ከፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ ዘልላ ስታርፍ መንገዱ የለም። መቶ አራተኛ፦ መንገዱ አለ፣ እግሯ የለም።" ፊቷ ሳይፈታ ነው የምታነበው። አንቺ ትፈሪያት ነበር፤ እኔ እወዳት ነበር፤ ያለ እሷ ዓይን የሠራሁትን ነገር ሠራሁ አልልም።

መፍትሔው የመጣልኝ ድልድዩ ላይ ስሻገር ነው። ነፋስ ነበር። ከፊቴ ዣንጥላ የያዘች ሴት ወደፊት ትገፋለች፣ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋታል፤ ትንቀሳቀሳለች ግን አትሄድም። መሃል መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። ጀግናዋን እኔ ማዘግየት ካልቻልኩ ነፋስ ያዘግያት! ከሰፈር ወደ ሰፈር ልትሻገር ስትል ፊት ለፊቷ ነፋስ ይነሣል፣ ካባዋ ይወጠራል፣ አንገቷን ደፍታ ትታገለዋለች፤ በዚያች ሦስት ሰከንድ ውስጥ መንገዱ ተጭኖ ያልቃል። ተጫዋቹ ትግል ነው ይላል እንጂ መጠበቅ ነው አይልም። በሁለተኛው ሳምንት እንከን ለቃሚዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ "ቀኑን ሙሉ አልወደቀችም" አለች። ከእሷ አፍ ይህ የሠርግ ዘፈን ነው።

አንቺ ግን አይተሽው "የምትንቀራፈፍ ጀግና ማን ይፈልጋል?" አልሽ። "ከምትወድቅ ትንቀራፈፍ" አልኩሽ። ሳቅሽ። ሳቅሽን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ የአዳራሹ ነገር መጣ። የጌሙ ባለቤቶች ሕዝብ ፊት ይታይልን አሉ። ያኔ አደባባዩ ላይ ውጊያ ሲጀመር ምስሉ በሰከንድ አሥራ አራት ጊዜ ብቻ ነበር የሚታደሰው፤ ለዓይን እየተደናቀፈ የሚሄድ ነገር ነው። አንቺ ሠላሳ ብለሽ ቃል ገብተሻል። ቢሮሽ ጠርተሽ በሩን ዘጋሽና ሐሳብሽን ነገርሽኝ፦ ትልቁ ማሽን ጠረጴዛው ስር በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከእሱ የተቀዳ ቪዲዮ ነው፤ እኔ ትንሿን ይዤ የምጫወት እመስላለሁ። እምቢ አልኩሽ። ሁለት ጊዜ እምቢ አልኩሽ። በሦስተኛው ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ውሸት አይደለም፤ ቀድመን ማሳየታችን ነው። ጌሙ ሊወጣ ገና አራት ወር አለ። አራቱ ወር ያንተ ነው፣ እውነት ታደርገዋለህ። እኔ ማሽኑን አላምነውም፣ አንተን ነው የማምነው" አልሽኝ።

እታለም፣ አባባ ከሞተ ጀምሮ ያቺን ቃል ከአፍሽ ለመስማት ያልሆንኩት ነገር የለም። ደብተሬን የምታርሚው አንቺ፣ ጫማዬን የምታስሪልኝ አንቺ፣ ሥራ ያስገባሽኝ አንቺ። እሺ አልኩሽ። ይህን በማንም ላይ አላሳብብም፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ስምንት ደቂቃ ቪዲዮ በጣቶቼ ሸመደድኩ። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ትቆጥሪልኝ ነበር። ስትበር አውራ ጣት ወደፊት፣ ስትዞር ወደ ግራ፣ ስትመታ ሦስቴ። በመጨረሻ ሕዝቡ ፊት ስቀርብ ከማሽኑ በላይ ማሽን ሆኜ ነበር። አጨበጨቡልን። ስወርድ አንዲት መነጽር ያደረገች ተማሪ ቀርባ "አንድ ጊዜ ልሞክረው?" አለችኝ። "ባትሪው አልቋል" አልኳት። "ምንም አይደል" ብላ ፈገግ አለችልኝ። ከጭብጨባው ሁሉ የቀረችብኝ ያቺ "ምንም አይደል" ናት።

ግን አራት ወር ነበረኝና ሠራሁ። ቀና ሳልል ሠራሁ። ሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እንከን ለቃሚዋ ስልኳን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ ቆመች። "ወጥቷል" አለችኝ። "ምኑ?" አልኳት። "ጌሙ" አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ደግሞ አትቀልድም። አውርደን ከፈትነው። ጀግናዋን ከጣሪያው ላይ አስነሣኋት፣ ወደ ፖስታ ቤቱ አበረርኳት፣ ነፋሱን ጠበቅሁ። ነፋስ የለም። ካባዋ እንኳ አልተወጠረም። ጥጉ ላይ አረፈች፤ መንገዱን አልፋ ወደቀች። ኮዱን ከፍቼ ሳይ ነፋሱ ያለበት ክፍል ተቆርጧል፤ የቆረጠው በቅርቡ የቀጠርሽው፣ ካንቺ በቀጥታ ትእዛዝ የተቀበለው ባለሙያ ነው። እኔ ከሰባት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ" እያልሽኝ ታልፊ ነበር።

ቢሮሽ ገብቼ ጠየቅሁሽ። "ባለቤቶቹ ነፋስህን አልወደዱትም። ቀኑንም እነሱ ናቸው ያሳጠሩት። እምቢ ብላቸው ሥራውን ይነጥቁናል፤ ዘጠኝ ቤተሰብ እንጀራ የሚበላበት ቤት ነው፣ ልዝጋው?" አልሽኝ። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩሽ። ከስክሪንሽ ላይ ዓይንሽን ሳታነሺ "ብነግርህ እሺ ትለኝ ነበር?" አልሽ።

እታለም፣ ብዙ ነገር ብለሽኝ ታውቂያለሽ፤ እንደዚያች ያለ ግን የለም። ለአዳራሹ ጊዜ እሺ እንደምልሽ አውቀሽ ነገርሽኝ። ለዚህኛው እምቢ እንደምልሽ አውቀሽ ደበቅሽኝ። ያመንሽው እኔን ሳይሆን እሺታዬን ነበር።

ሳምንቱን እንዴት እንዳለፈ ታውቂዋለሽ። ባለ ካባዋ በየመንገዱ ስትሰጥም ሰው ሁሉ እየቀዳ ተሳሳቀባት። "ጉድጓድ ወዳድ" የሚል ስም አወጡላት። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ያ ሌላው ቪዲዮ ወጣ፦ ጠባቧ ክፍል፣ ከጨርቁ ስር ያለው ትልቁ ማሽን፣ በጠፋ ስክሪን ላይ የሚዘሉ ሁለት እጆች። አርባ ሰከንድ። ፊት አይታይም፣ ድምፅ የለም፤ ግን ለሚያውቅ ሰው ይበቃል።

በማግሥቱ እማ ዓይኗን ተሠርታ ከክሊኒኩ ልናወጣት ነበር፤ አንቺ "ስብሰባ አለብኝ" ብለሽ እኔ ሄድኩ። ሁለት ዓይኗ በፋሻ ታስሮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ተራ ስንጠብቅ ስልኬ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ ጮኸ። ሥዕል ሠሪው ነበር፤ ስለ ቪዲዮው ያወጣሽውን መግለጫ ልኮልኝ። እማ "ማን ነው?" አለች። "ስለ ጌሙ እህቴ የጻፈችው ነው" አልኩ ሳላስብ። "ጎሽ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ" አለችኝ።

አንቺ የጻፍሽው "ዝግጅቱን የመራው የቴክኒክ ኃላፊው ነው። የሥራውን እውነተኛ ደረጃ ከድርጅቱ ደብቆ ቆይቷል። ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብቷል" የሚል ነው። መሰናበቴን ያወቅሁት እዚያ አግዳሚ ላይ፣ የእማ እጅ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላት። "ውሳኔው የኔ ነው። ባልደረቦቼ አስጠንቅቀውኝ አልሰማሁም። ያስከፋኋቸውን ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ" ብዬ አነበብኩ። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ አንዴም አልተደናቀፍኩም። እማ ከፋሻዋ ስር ፈገግ አለች። "እሷ ድሮም ጥፋቷን አትደብቅም" አለችኝ፤ አጠገባችን ለተቀመጡት ሴትዮም "የኔ ልጅ ናት" አለቻቸው።

ፋሻው የተነሣ ዕለት ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስልኬን ነው። እንዳታነበው መከልከል አልቻልኩም። መግለጫሽን ከላይ እስከ ታች፣ በአዲሱ ዓይኗ፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሲያልቅ ስልኩን መለሰችልኝና "ያንተ ይሻል ነበር" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እሑድ ዕለት መልእክትሽን ይዛልኝ ስትመጣም የታረቀች እንዳይመስልሽ፤ እናት ስለሆነች ነው።

የኔን ልውጠው እችል ነበር፤ የበላሁትም ካንቺ እጅ ስለሆነ። እንከን ለቃሚዋን ግን ለምን ነካሻት? ሠራተኛውን ሰብስበሽ "ቪዲዮውን ያወጣችው እሷ ናት፤ ድሮም እንከን ስትለቅም ነው የኖረችው" ብለሽ አባረርሻት አሉ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋት። የቁልፍ ሰሌዳዋን ብብቷ ስር ይዛ ነበር፤ የራሷ ስለሆነ። "አራት መቶ አሥራ ሁለት ስሕተት መዝግቤ ለእህትህ ለራሷ ነው የሰጠኋት። የደበቅሁት የለኝም። ለዓለም የምናገር ብሆን ስሜን ጽፌ ነበር የምናገረው" አለችኝ። ከዚያ "አንተም እኔ ነኝ ብለህ ታምናለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። "አላምንም" አልኳት። አውቶቡሷ መጣ። "አላምንም" ካልኩ በኋላ ማለት የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር፤ አላልኩትም። ጫማዬን ሳይ በሩ ተዘጋ።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ያንን ቪዲዮ ሳትናደጂ፣ ረጋ ብለሽ፣ አንዴ እዪው። የተቀዳበት ጠዋት እሷ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ነበር፤ የፈቃዱን ወረቀት የፈረምሽላት አንቺ ነሽ። ስልኩን የያዘው እጅ የለም፤ ምስሉ አይንቀሳቀስም፣ ታች ጥጉ ላይ የውሃ ብርጭቆ ጠርዝ ይታያል። ስልኩ ለማን ጥቅም ብርጭቆው ላይ ተደግፎ እንደቆመ አስቢው፤ የገዛ ጣቶቹን አይቶ ማረም ለፈለገ ሰው ነው። ድምፁስ? እሷ ብትሆን፣ አንቺን ልትጎዳ ብትነሣ፣ ድምፁን ለምን ታጠፋዋለች? ድምፁ ቢኖር "ትንሽ ቀድመህ አንሣ፣ አዎ፣ እንደዚያ" የሚል የሴት ድምፅ ይሰማ ነበር። ያወጣው ሰው ያ ድምፅ እንዲሰማ አልፈለገም። የክፍሏ በር ከውስጥ ተቆልፎ ነበር፤ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ እኔና አንቺ እናውቃለን። ድምፅ ያለበት ቅጂ ዛሬ የትም የለም፤ ከዚህ በኋላም አይኖርም። በዚህ በኩል እንቅልፍሽን ተኚ።

ከዚህ በላይ መጻፍ አቃተኝ። አንቺ ድሮም ነገር ከኔ ቀድሞ ነው የሚገባሽ።

ስለ ሥራው ልንገርሽ። ሁለት ወር ሙሉ የእማን ሳሎን ጠረጴዛ ይዤ ተቀምጫለሁ። ኮዱ የድርጅቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልሸጠው አይደለም። ባለ ካባዋን በየጉድጓዱ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ነፋሱን መለስኩት፤ አሁን ግን ከመምጣቱ በፊት ድምፁ ይቀድማል፣ መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ኮፍያቸውን ይይዛሉ፣ ከዚያ ካባዋ ይወጠራል። አደባባዩ ላይ ሃያ ስምንት ደርሷል። ሠላሳ አይደለም፤ ለማንም ሠላሳ ነው አልልም። ባለፈው ዓርብ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰዓት አበረርኳት፤ አንዴም አልወደቀችም። እማ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና "ደክሟታል፣ አንድ ቦታ አሳርፋት" አለችኝ።

ግን የኔ ዓይን አይበቃም። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ስሕተት አንድ በአንድ አይታ "ጠፍቷል" ማለት የምትችለው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እንከን ለቃሚዋ። ነገ ጠዋት ቅጂውን ይዤ ቤቷ እሄዳለሁ። ለአንቺ መጻፍ ያቃተኝን ለእሷ በአፌ እነግራታለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ነግሬያት አልፏል። በሩን ትከፍትልኛለች ወይስ ፊቴ ላይ ትዘጋዋለች፣ አላውቅም፤ ብትዘጋውም እውነት አላት።

እኔ አልመለስም፣ እታለም። ጌሙን ከፈለግሽው የእሷ ቤት ካንቺ ቤት ሦስት ፌርማታ ነው፤ አረንጓዴ የብረት በር፣ ደወሉ አይሠራም። ሰው አትላኪ፣ ስልክም አትደውዪ። ራስሽ ሂጂና አንኳኪ። እንከን ለቃሚዋ ብለሽ አትጥሪያት፤ ስሟን ጠይቂያት።

በይ እንግዲህ፣ ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ባልሽን በጤና ያቆይልሽ። የዘጠኙን ቤተሰብ ቤት አይዝጋብሽ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው። እኔንም አንድ ቀን "ብነግርህ እሺ ትለኝ ነበር?" ሳትዪ፣ ዝም ብለሽ የምትነግሪኝ ሰው ያድርገኝ።

ዛሬም እህቴ ነሽ።

ታናሽ ወንድምሽ